ራስ ተፈሪ ቤትና የሕንድ ፊልም

ሐረር አድጎ የሕንድ ፊልም አላየሁም የሚል ሰው ካለ ይዋሻል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከጎረምሳው ጋር ተጋፍተን ሦስት ሰዓት ሙሉ እንቀመጥ ነበር። አክስቴ ግን እዚያ አትገባም፤ «የዱርዬ ቦታ» ነው የምትለው። ለእሷ ካሴቱን ተከራይተን ቤት እናመጣላታለን። ሂንዲውን የምታስረዳን አንዲት የጀጎል ጎረቤታችን ነበረች። የት ተማርሽው ብትሏት ትስቅባችኋለች። ከፊልም ነዋ!

ሐረርና ሕንድ የተዋወቁት ግን በፊልም አይደለም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እስኪያባርሩት ድረስ የቦምቤዮቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ እዚህ ነግዷል። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የጦር አካዳሚ ያሠለጠኑት የሕንድ መኮንኖች ናቸው። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ያለበትን፣ ሰዉ ራስ ተፈሪ ቤት የሚለውን ባለፎቅ የእንጨት ቤት የሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል። ደጃዝማች ተፈሪና ወይዘሮ መነን የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚሁ ቤት መሆኑን አስጎብኚዎች ሳይነግሯችሁ አይለቋችሁም። ቱሪስቱ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የፍቅር ታሪክ ይመስለዋላ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ1903 ዓ.ም. ተፈሪ የ19 ዓመት ወጣት፣ የሐረርጌ ገዥ ናቸው። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ይህን ወጣት በዝምድና ማሰር ፈለጉ። መነን የወሎው ራስ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የኢያሱ የእህት ልጅ ናቸው። ችግሩ፣ መነን ያን ጊዜ የራስ ልዑልሰገድ ሚስት ነበሩ፤ ከዚያም በፊት በቤተሰብ ፈቃድ አግብተው ያውቃሉ። ከልዑልሰገድ ተለያይተው በሐምሌ ወር ለተፈሪ ተዳሩ። መነን ምን አሉ? ያን ጊዜ ሴት ልጅ ምን አለች ብሎ የሚጽፍ አልነበረም።

ጋብቻው ግን እቴጌዋ በ1954 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘለቀ። ታላላቆቻችን «አየህ፣ ቤተሰብ የመረጠው ይጸናል» የሚሉን እንዲህ ያለውን እየጠሩ ነው። ስለ ሴት ልጃቸው ስለ ልዕልት ዘነበወርቅ ግን አይነግሩንም። እሷም በተራዋ ትግራይን ለማሰር ሲባል በ1924 ዓ.ም. ለኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳረች። የ14 ዓመት ልጅ ብትሆን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እዚያው ትግራይ ሞተች። ባልየውም በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን ገባ። ለዘውዱ ሲባል የተሰጠችው ልጅ ለዘውዱም አልጠቀመችም ማለት ነው።

አክስቴ በ1959 ዓ.ም. ስትዳር 15 ዓመቷ ነበር። ሕገ ወጥ ነው እንዳትሉ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። 18 ያደረገው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሠርጉ ዕለት ነው፣ ያውም ቀና ብላ ካየችው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። የድሮዎቹ የሕንድ ፊልሞች ላይ ከአባት ጋር የተጣላ ፍቅር ዋጋ ይከፍላል። በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሙጋል-ኤ-አዛም» ንጉሥ አክባር ከገዛ ልጁ ጋር ጦር ይማዘዛል፣ በአንዲት ጨፋሪ ምክንያት። በ1973 እ.ኤ.አ. «ቦቢ» ላይ ልጆቹ ከቤት ይጠፋሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻህሩክ ካን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ግን ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። አባትየው ለንደን ያደገች ልጁን ሲምራንን ፑንጃብ ላለ ጓደኛው ልጅ ቃል ገብቶባታል። እናቷ ወርቋን አውጥታ ለራጅ ትሰጠውና «ይዘሃት ጥፋ» ትለዋለች። ራጅ እምቢ ይላል፤ አባቷ በእጁ ካልሰጠኝ አልወስዳትም! መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያ አባትየው የልጁን እጅ ይለቃል፣ እሷም ሮጣ ትሳፈራለች።

አክስቴ ይህን ፊልም ስንቴ እንዳየችው እንጃ። የምታለቅሰው ግን ሌላው ሰው በሚያለቅስበት ባቡር ጣቢያው ጋ ሳይሆን ወርቁ ጋ ነው። አንድ ቀን «ይሄ ልጅ ጅል ነው፤ አይቀበላትም ነበር?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የእሷው ቤት ፊልም ሆነ። የአክስቴ ባል ልጃቸውን አሰበ ተፈሪ ላለ የንግድ ወዳጃቸው ልጅ ቃል ገብተውባት ኖሯል። ልጅቷ ደግሞ አብሯት የተማረ የድሬዳዋ ልጅ ወዳለች። አማላጅ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ «አንተን ጋሼ ይሰማሃል» ተብዬ። ገባሁ፣ ቡና ተፈላ፣ ተናገርኩ። ጋሼ ካደመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንተ ብትሆን ቃልህን ታጥፋለህ?» አሉኝ። እኔም «አላጥፍም» አልኩ! ሕገ መንግሥቱ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ሙሉ ፈቃድ ጋብቻ የለም ማለቱን አውቃለሁ፤ አንቀጽ 34 ነው። እሳቸው ፊት ግን አንድ አንቀጽ ትዝ አላለኝም። በሰው ልጅ ላይ የተሰጠ ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው ማለት ያቃተኝ ሰው ነኝ እንግዲህ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ።

ልጅቷ በሳምንቱ ድሬዳዋ ወረደች። ሠርጉ ማዘጋጃ ቤት ነበር፣ ከእኛ ወገን ማንም አልተገኘም። ጋሼ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስሟን አላነሱም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን አክስቴ ጆሮዋ ላይ የነበረው ሎቲ ጠፋ። ባሏ ሲጠይቋት «አውልቄ የት እንዳስቀመጥሁት እንጃ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ለቀብራቸው ልጅቷ ከድሬዳዋ ስትመጣ ጆሮዋ ላይ አየሁት።