አርሴኒክ፦ ወርቅ በስሙ ውስጥ

«አርሴኒክ» በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ቢደርሰንም ሥሩ ፋርስኛ ነው፤ «ዛር» ወርቅ ማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ወርቅ ለሚመስል ቢጫ ማዕድን ነበር። ግሪኮች ከሶርያውያን ተቀብለው «አርሴኒኮን» አሉት።

መርዛሙ አርሴኒክ ዛሬም ከወርቅ አይርቅም። ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአርሴኖፓይራይት ጋር ነው፤ ብረት፣ አርሴኒክና ድኝ የተዋሐዱበት ብርማ ማዕድን። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወርቁ ከወጣለት በኋላ ዝቃጩ ሜዳ ላይ ይከመራል። አየርና ዝናብ ሲያገኙት አርሴኒኩ ይለቀቃል፤ ብረቱ ደግሞ ይዝጋል። ያ ቀላ ያለ ዝገት አርሴኒኩን ላዩ ላይ ለጥፎ ስለሚይዘው እኔ «ዘበኛው» እለዋለሁ። ግን ዘበኛው ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት ከተቀበረ ራሱ ይሟሟል፤ የያዘውንም ለከርሰ ምድር ውኃ ይለቃል። ውኃው አይደፈርስም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም ያው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

ወርቅ ማውጣት ምን ያህል አርሴኒክ ትቶ ሊሄድ እንደሚችል አንድ ምሳሌ፦ በካናዳ፣ የሎውናይፍ ከተማ አጠገብ፣ በተዘጋው የጃይንት ወርቅ ማውጫ ሥር 237,000 ቶን የአርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ብናኝ ተከማችቷል። ብናኙ በውኃ ስለሚሟሟ፣ የተመረጠው መላ ዙሪያውን ያለውን አለት እንደ በረዶ አቀዝቅዞ ማቆየት ነው።