ላቀች፦ ከታይላንድ ባልዲ እስከ አዳማ ቡና

አዳማ ገበያ ወርዳችሁ «ጥሩ የከሰል ምድጃ የቱ ነው?» ብትሉ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አንድ ስም ነው፦ ላቀች። ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ በለጠች እንደ ማለት። እኛ ግን እናቶቻችን ቡና የሚያፈሉባት ተራ ዕቃ እንጂ ታሪክ ያላት አትመስለንም።

ታሪኳ ከታይላንድ ይነሳል። እዚያ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ፣ ባልዲ የሚመስል ምድጃ ነበር። ኬንያውያን በ1970ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ሐሳቡን ወስደው፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ላዩ ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነ «ጂኮ» ሠሩ። እኛም በ1980ዎቹ የኬንያውን ተቀብለን ለራሳችን አበሳሰል አስተካክለን ላቀች አልናት። በእኔ ሙያ ቋንቋ ይሄ ፎርክ ማድረግ ነው፦ የሰውን ኮድ ወስዶ ለራስ ማሻሻል። ሥራውን ቆርቆሮ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ተካፈሉት።

ሚስጥሩ ቀላል ነው። ድሮ የነበረው ምድጃ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ከፍሙ የሚወጣው ሙቀት በጎኑ ይሸሻል፤ እግራችሁን ያሞቃል እንጂ ድስቱን አይደለም። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሳ ላቀች እስከ 25 በመቶ ከሰል ትቆጥባለች ይባላል። አራት ማዳበሪያ ይፈጅ የነበረ ቤት በሦስት ይወጣል ማለት ነው።

ማዳበሪያው ከየት ይመጣል? ከሞጆ ወደ ዝዋይ (ባቱ)፣ ከዚያም ወደ ሻሸመኔ የሄደ ሁሉ መንገድ ዳር ተደርድሮ ያየዋል። ግራሩ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ ሣርና አፈር ለብሶ ትንፋሽ አጥሮት ቀናት ይጨሳል። በዚህ ዘዴ ከአሥር ኪሎ እንጨት የሚገኘው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ከሰል ነው። የአብያታ ሻላ ፓርክ ግራር እንኳን ከዚህ አልተረፈም።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይከፋል። አዳማ በ1987ቱ ቆጠራ ከ127 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነበራት፤ በ1999 ከ220 ሺህ አለፈች። ሕዝቡ በ70 በመቶ ሲያድግ የ25 በመቶ ቁጠባ የት ይደርሳል? ላቀች አልወደቀችም፣ ከተማው ቀደማት እንጂ። እሷ ባትኖር ደግሞ ግራሩ ገና ድሮ ባለቀ ነበር፤ እኔ እንደዛ ነው የማስበው።

ልትገዙ ከሆነ ቀለሙ አያታላችሁ። ሸክላውን በጣት አንኳኩት፦ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ ተተኩሷል፤ ደፍኖ ካስተጋባ ወይ አልበሰለም ወይ ተሰንጥቋል። ከቆርቆሮው ጋር ገጥሞ ይቀመጥ፣ አይንቀሳቀስ። የአየር መግቢያዋ በር መዘጋት መቻል አለባት፤ ፍሙን የምታዝዙት በእሷ ነው። ትኩስ ሸክላ ላይ ደግሞ ውኃ አታፍሱ፣ ይፈነዳል።

ለሥጋ ግን ላቀች ጠባብ ናት፣ ዝልዝል አትችልም። ለእሱ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ከነወንፊቱ ይሻላል፤ ብረቱ ወፈር ይበል፣ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ነበልባሉ እስኪጠፋና ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፣ ከዚያ ሥጋውን ጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ በርሜሉም ላቀችም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁኑ። በዝናብ ማታ ፍሙን ለማሞቂያ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም።