ከእቴጌ ሆቴል እስከ ምሳ ሰዓት በያይነቱ

ድሮ መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ ነበር የሚወጣው፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። እንግዳም የሚስተናገደው በቤት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ሆቴልን ሲያስከፍቱ፣ ከፍሎ መብላት ለብዙው ሰው ባዕድ ነገር ነበር።

ዛሬ የቢሮ ሠራተኛው ከቀኑ 6 ሰዓት ሲያልፍ ወደ ምግብ ቤት ይጎርፋል።

ለዚህ ሠራተኛ ጤና ትልቁን ውለታ የዋለው፣ በእኔ እምነት፣ የጾም ሥርዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም አለ። ስለዚህ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሥጋ የሌለበት ገበታ ማዘጋጀት ግድ ሆነበት፤ በያይነቱ የከተማ ምሳ ሆነ። እንጀራው መሐል ትኩስ ሽሮ ይፈስሳል፤ ዙሪያውን ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ይሰለፋሉ። ጥራጥሬና አትክልት በአንድ ትሪ!

የሚያሳስበው ዘይቱ ነው። ወጡ ዳር ዳሩን ቅባት ካቀረረ፣ ጾም መሆኑ ብቻ ለልብ አይበጅም።

ከምሳ በኋላ ቡናው ይከተላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የሥራ ውጥረትን የሚያረግበውም ያ ከባልደረባ ጋር የሚያወጉበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ምሳ ስታዝዝ «ዘይት ቀነስ ይደረግልኝ» በል፤ ወደ ትሪውም ከሰው ጋር ቅረብ።