ዋስህ ማነው?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት በስልክ ብድር የሚሰጥ ሲስተም ላይ ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ የሰውየውን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ካነሰ ብድር የለም፣ በቃ። ያ ነጥብ የምን ምትክ ሆኖ እንደመጣ ለማወቅ የአገራችንን የብድር ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነበው ታሪኩ በአብዛኛው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት፦ ድሃ ሰው ምን አስይዞ ይበደር?

የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት ጥያቄው ገበሬውን አይመለከተውም ነበር። ባንኩ ለነጋዴና ለመንግሥት ነው። ገበሬው ሲቸግረው ወደ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ አላቀቀው። ያው አዋጅ መሬት መሸጥንም በዕዳ ማስያዝንም ከለከለ። ስለ አዋጁ ስናወራ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን እናስታውሳለን እንጂ ይህቺን ክፍል ብዙ አናነሳትም። እኔ ክልከላውን አልኮንነውም። አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ አራጣ አበዳሪ የአገሩን ማሳ ሁሉ ቢሰበስብ ምን ይኮን ነበር? ግን ውጤቱን እዩት፦ ገበሬው ያለው ትልቁ ሀብት ለባንክ መያዣ አይሆንም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ሲፈቀድም አዲሶቹ ባንኮች ቤትና መኪና ወዳለው ከተሜ ሄዱ።

ታዲያ መሬት ካልተያዘ ምን ይያዝ? መልሱ «ጎረቤት» ሆነ። በትግራይ ደደቢት፣ በአማራ ክልል ደግሞ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ብድርና ቁጠባ ተቋም ሥራ ጀመሩ፤ በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 40 ማይክሮፋይናንስን ሕጋዊ ቅርጽ ሰጠው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ሰው ከ5,000 ብር በላይ ማበደር በመመሪያ ክልክል ነበር።

ይህ ሐሳብ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠራው የባንግላዴሹ መሐመድ ዩኑስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ከኪሱ አበድሮ ጀመረ። ክብር ይገባዋል። ግን እኛ አገር ሰውን በሰው ማስያዝ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እቁብ አለን። እቁብን እንደ መሐንዲስ ካያችሁት ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጣቢ ነው። ቀድሞ የበላው ሰው እንዳይጠፋ ዳኛው «ዋስህ ማነው?» ይላል። ኮምፒውተር የለ፣ ወለድ የለ፣ ጸሐፊውና አንድ ደብተር ብቻ።

የቡድን ዋስትናን ግን አላሞግሰውም። አክስቴ በአምስት ሴቶች ቡድን ተበድራ እንጀራ ትሸጥ ነበር። አንዷ ታመመችና መክፈል አቃታት። አራቱ ለሁለት ወር ከፈሉላት፤ በሦስተኛው ወር ግን ቤቷ ሄደው ምጣዷንና በርሜሏን አወጡ። አክስቴ ይህን ስታወራ ዛሬም ድምጿ ዝቅ ይላል። «ምን እናድርግ፣ የእኛም ልጆች አሉ» አለችኝ። ተቋሙ ገንዘቡ ተመለሰለት፤ ጉርብትናው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። «ብድሩ በሙሉ ተመልሷል» የሚል ሪፖርት ሳነብ ያ ምጣድ ትዝ ይለኛል።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮችን አመጣ። ሌሎች ባንኮችም ያለ መያዣ በስልክ ማበደር ጀመሩ። እዚህ ላይ ዋሱ የራስህ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሆነ። ጎረቤት አያፍርብህም፣ ምጣድ የሚያወጣ የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አክስቴ ያኔ ብታገኘው ትመርጠው ነበር።

ነገር ግን ነጥቡ የሚያየው ያለፈውን ነው፤ አሻራ ያልተወን ሰው አያውቀውም። ሲሙ በባሏ ስም የወጣ፣ ሽንኩርት በጥሬ ብር የምትሸጥ ሴት ሲስተማችን ውስጥ «መረጃ የለም» ተብላ ትታለፋለች። የታመመም ሰው ያው ነው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ስንት ቀን እንደዘገየ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ለምን እንደዘገየ የሚጻፍበት የለም። እነዚያ አራት ሴቶች ቢያንስ ለሁለት ወር ምክንያቱን ሰምተዋል። በስብሰባ ላይ ይህን አንስቼ «ምክንያት እንዴት አድርገን ነው ወደ ቁጥር የምንቀይረው?» ተባልኩ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

አክስቴ ቡድን ውስጥ አንዷ ሴት ስልክ ይዛ አታውቅም ነበር። ዕዳዋን ከአምስቱ ቀድማ ከፍላ የጨረሰችው እሷ ናት።