የጅሬን ቤተ መንግሥት ስለ ደቡብ ምዕራብ ነገሥታት የሚያስረዳውና የማያስረዳው

የነገሥታት መኖሪያ የነበረ ቤት ሙዚየም በሆነ ጊዜ፣ የሚገባበት ሰው ሁሉ የንጉሡን ወንበርና ልብስ፣ መሣሪያና ጽዋ ለማየት ይቸኩላል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ዐይን የሚቀድመው ወደሚታየው ነውና። የታሪክ ተማሪ ግን ከዕቃው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ይህ ቤት እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆም ቻለ? በዘመኑ ከእርሱ ጋራ የነበሩት ቤቶችስ ወዴት ሄዱ? የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለሚያውቁ አንባቢዎች መልሱ ቀላል ነው። በታኅሣሥ 1960 በተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ታላላቅ መኳንንት ከተገደሉበት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት በአንድ ጣራ ሥር ይታያሉ። በቡናው አገር በደቡብ ምዕራብ ግን ጥያቄው እንዲህ በአጭሩ አይመለስም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።)

ከጅማ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎሜትር ወጥቶ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለ ሁለት ደርብ ሆኖ፣ አብዛኛው ሥራው በእንጨት የተከናወነ ነው። በዙሪያው በረንዳ አለው፤ በቅጽሩ ውስጥ መስጊድ አለ። ከኮረብታው ላይ ቆሞ ሜዳውን ለሚመለከት ሰው፣ የቦታው አመራረጥ በአጋጣሚ የሆነ አለመሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ሐሙስ ሐሙስ ይቆም የነበረው ትልቁ የሂርማታ ገበያ ከዚያ በታች ነበረ፤ የዛሬይቱም ጅማ ያደገችው በዚያው ገበያ ላይ ነው። ንጉሡ ገበያውን ከላይ ሆኖ ያያል፤ ነጋዴውም ንጉሡን ሳያስብ ሚዛኑን አያነሣም።

የአገሩ ሰው ይህን ዐይነቱን የንጉሥ ግቢ «መሰራ» ይለዋል። መሰራ ማለት ቤት ብቻ አይደለም፤ አጥሩንና አደባባዩን፣ የዳኝነቱን ስፍራ፣ የእንግዳውንና የባለሟሉን ማረፊያ፣ የእጅ ባለሙያውንም ቤት ሁሉ የሚያጠቃልል ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚ «ቤተ መንግሥቱን አየሁ» ሲል ያየው ከመሰራው ጥቂቱን ክፍል ነው፤ የቀረው ከእንጨትና ከሣር ስለ ተሠራ ከባለቤቶቹ ጋራ አልፏል። ዝናብ በብዙ ወሮች በሚወርድበትና ምስጥ በማይጠፋበት አገር፣ የእንጨት ቤት ጠባቂ ከሌለው አንድ ትውልድ እንኳ አይሻገርም። የጅሬኑም ቤት ረጅም ዘመን ተጎሳቁሎ ከኖረ በኋላ በየጊዜው በተደረገለት እድሳት የቆመ ነው። ከንጉሡ የግል ዕቃዎችም በጅማ ከተማ ሙዚየም የሚታዩ አሉ፤ ከእነርሱ ይልቅ ግን የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ የሚያስደንቀው ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር ነው። ብልኀቱ በገበሬውም ቤት በንጉሡም ቤት አንድ ስለ ሆነ፣ ከብዙ የክብር ዕቃ ይልቅ የሀገሩን ባሕል ያስረዳል።

የጅማ መንግሥት ከግቤ ወንዝ ምንጮች አጠገብ ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለት ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ አንዱ ነው። ያቆሙት በ1830 የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጦረኛ በፈረሱ ስም መጠራቱ በኦሮሞም በዐማራም ዘንድ የኖረ ልማድ ነውና። ከእርሳቸው በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦካና አባ ጎሞል ተራ በተራ ነገሡ፤ በ1878 ደግሞ ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና በወጣትነታቸው ዙፋኑን ያዙ። በአንትሮፖሎጂ ሊቅነቱ የታወቀው ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ መንግሥት አሠራር ሰፊ ጥናት አቅርቧል። አገሩ በስድሳ ያህል ቆሮ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ አባ ቆሮ ይሾምለት እንደ ነበረ፣ በዳር አገሩም ኬላ ቆሞ ባለ ኬላው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ይቈጣጠር እንደ ነበረ ከዚያ እንረዳለን። እንዲህ ያለውን ሥርዐት ያነበበ ሰው ወደ ጅሬን ሲወጣ፣ በረንዳው ጌጥ ሳይሆን የአስተዳደር መሣሪያ ሆኖ ይታየዋል።

በሰኔ 1882 በእምባቦ ሜዳ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ባደረገ ጊዜ፣ የደቡብ ምዕራብ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ በማን መንገድ እንደሚያልፍ ተቈረጠ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ይህን ቶሎ አስተዋሉ። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ብርቱ መካሪ ነበሩ፤ ምክራቸውም ወደ ሰላም ያዘነበለ እንደ ነበረ ይነገራል። ንጉሡም ያለ ውጊያ ገቡ፤ በየዓመቱም ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በልዋጩ አገራቸው ለወታደር ሳይመራ፣ ዳኝነታቸውና ሃይማኖታቸው ሳይነካ ቀረ። በአካባቢው ያሉት መንግሥታት አንድ በአንድ ሲጠፉ ጅማ ብቻ እስከ 1932፣ አባ ጅፋር እስከ ሞቱበት ዓመት ድረስ፣ ንጉሥ ያላት አገር ሆና ኖረች፤ ከዚያ በኋላ ግን የማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ ያስተዳድራት ጀመር። እንግዲህ የጅሬን ቤት የቆመበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ ትረካው እዚህ ላይ ያበቃና የንጉሡ ብልኀት ይመሰገናል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብልኀቱ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም የከፈለ ሌላ ሰው ነበር። ገባር ንጉሥ ግብር ብቻ አይከፍልም፤ ሲታዘዝ ይዘምታል። የአባ ጅፋር ሠራዊት በ1894 በወላይታ ላይ በተደረገው ዘመቻ ተካፈለ፤ በ1897ም ከፋን ለመያዝ ከተሰለፉት አንዱ ሆነ።

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ ጎጀብን የተሻገረ መንገደኛ ከመቶ ኪሎሜትር ጥቂት ቢተርፍ ቦንጋ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ የከፋ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የነበረበት አንደራቻ ይገኛል። (በሸካ አገር ያለውና ዛሬ የወረዳ ስም የሆነው አንደራቻ ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቁ ጸሐፊዎች አይጠፉም።) የከፋ መንግሥት ከጅማ በዕድሜ እጅግ የቀደመ፣ ሚንጆ ከሚባለው ነገድ በሚወለዱ ነገሥታት የሚመራ ነበረ። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ «ሚክሬቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም አሉት። አገሩ በጥልቅ ቦይና በግንድ አጥር ታጥሮ፣ እንግዳ በኬላ ካልሆነ በቀር የማይገባበት ነበረ። በዚህም አጥር ከፋ ብዙ ወራሪ መልሶ ነበር፤ የ1897ቱ ጠላት ግን ጠመንጃ የበዛለትና በብዙ አቅጣጫ የሚመጣ ሆነ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዋናውን ጦር መሩ፤ ከሌላው አቅጣጫ ደጃዝማች ተሰማና ደጃዝማች ደምሰው፣ ከጅማም የአባ ጅፋር ሰዎች ገቡ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በጫካቸው ውስጥ ወራት ከተሸሸጉ በኋላ በመስከረም 1897 ተያዙ፤ በ1919 በግዞት እስከ ሞቱም ድረስ ወደ መንግሥታቸው አልተመለሱም። አንደራቻም በዚያ ጦርነት ጠፋ። ስለዚህ ከፋ ዛሬ ለጎብኚ የሚያሳየው የንጉሥ አዳራሽ የለውም፤ በቦንጋ የተሠራው ሙዚየም የቡና ሙዚየም ነው።

ስለ ከፋ ቤተ መንግሥትና ሥርዐት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው፣ በ1905ና በ1909 አገሩን ከጎበኘው ከኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር ነው። ቢበር የደረሰው መንግሥቱ ከወደቀ ከስምንት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ የጻፈው ያየውን ሳይሆን በአብዛኛው የቀሩት ሽማግሎች የነገሩትን ነው። ይህን እያሰቡ ማንበብ ያስፈልጋል። ቢሆንም ያ ሥራ ባይኖር ኖሮ ምን ይቀርልን እንደ ነበረ ማሰብ ያስጨንቃል።

ከዚያ መንግሥት በእጅ ሊያዝ ከሚችል ታላቅ ነገር የቀረው ዘውዱ ነው። እርሱ የራስ ቁር የሚመስል፣ በወርቅና በብር የተጌጠ ነው፤ የከፋም ሰው የመንግሥቱ ኀይል ከዘውዱ ጋራ የተያያዘ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዐፄ ምኒልክ እጃቸው ካስገቡት በኋላ፣ የስዊስ ተወላጅ አማካሪያቸው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አውሮፓ ይዞት ሄደ። በ1954 ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ስዊስን በጎበኙ ጊዜ ተመልሶ ተሰጣቸው። ጅሬን ቤቱ በቦታው ሲገኝ፣ ከፋ ግን ቤቱ ጠፍቶ ዘውዱ ከቦንጋ ርቆ የኖረ መሆኑን ሁለቱን አገሮች የሚያነጻጽር ተማሪ ልብ ሊለው ይገባል።

ስለ ባሪያ ንግድም መናገር ግዴታ ነው፤ የሚያምር ቤት ሲጎበኝ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነውና። ሂርማታ የቡናና የማር ገበያ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ለገበያው ከሚቀርቡት ሰዎች ብዙዎቹ ከጅማ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ካሉት አገሮች የተወሰዱ ነበሩ። ከ1897 በኋላም ነገሩ አልተሻለም፤ የከፋ አጥር በመፍረሱ እስከ ቤንችና እስከ ማጂ ያለው አገር ለአፋኝ ተከፈተ። በ1920ዎቹ ዓመታት በማጂ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል አርኖልድ ሆድሰን አገሩ እንዴት ሰው አልባ እየሆነ እንደ ሄደ ጽፏል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1924 ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው ሕግ ግን የተደነገገው በ1942 ነው። እንግዲህ በጅሬን በረንዳ ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ ከዚያ ገበያ የተሰበሰበው ቀረጥ ከምን ከምን እንደ መጣ ሳይጠይቅ ቢወርድ ጉብኝቱ ጎደሎ ነው።

ሚዛን ተፈሪ፣ በዛሬ አጠራሯ ሚዛን አማን፣ እና ቴፒ የንጉሥ አዳራሽ የላቸውም። የሚታዩት የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች፣ በ2021 የደቡብ ምዕራብ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የተስፋፉት መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ናቸው። ከዚህ የተነሣ «ይህ አገር ነገሥታት አልነበሩትም» የሚል ሰው ይገኛል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ቤንችም ሸኮም ሸካም የየራሳቸው ገዦችና ሥርዐት ነበሯቸው፤ ቨርነር ላንገ በ1982 ስለ ደቡብ ጎንጋ ሕዝቦች ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ የቃል ታሪክ ሰብስቧል። የጎደለው ታሪኩ ሳይሆን የሚያስጠልለው ቤት ነው።

በእንዲህ ያለ አገር ሙዚየም ለማቆም የሚያስብ ሰው ሥራውን ከግንብ ባይጀምር ይሻላል። የከፋ ቦዮች የነበሩበትን መሥመር፣ የኬላዎቹን ስፍራ፣ ነገሥታቱ ያደሩባቸውንና የተቀበሩባቸውን ደኖች ሽማግሎቹን እየጠየቁ በካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል። የቦታ ስሞችም ብዙ ይዘዋል፤ አንድ ተማሪ የሚኖርበትን ቀበሌ ስሞች ብቻ ከነትርጓሜያቸው ቢሰበስብ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሥራ ነው። የጅሬን ቤትም በዚህ ሥራ ሊረዳ ይችላል። ከጅማ ወደ ከፋ የዘመቱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሰሙት ወሬ በጅማ በኩል ይገኛልና፣ በጎጀብ ወዲያና ወዲህ የሚነገረውን ጎን ለጎን መጻፍ ያስፈልጋል።