ሽንፈቱን ያላመኑት ስደተኞች

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1908 «ካሳቶ ማሩ» የተባለችው መርከብ 781 ጃፓናውያንን ይዛ ከብራዚሉ የሳንቶስ ወደብ ደረሰች። ስደተኞቹ በቡና እርሻ ጥቂት ዓመታት ሠርተው፣ ገንዘብ ቋጥረው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። አብዛኞቹ ግን እዚያው ቀሩ።

የጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት በ1938 ትምህርት ቤቶቻቸውን፣ በ1941 ደግሞ ጋዜጦቻቸውን ዘጋ። ፖርቱጋልኛ የማያነበው ገበሬ ጆሮውን ለአሉባልታ ሰጠ። በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥም ብዙዎች ያሸነፈችው እርሷ ናት ብለው አመኑ። «ሺንዶ ሬንሜይ» ከተባለው ማኅበር ጋር የተሳሰሩ አክራሪዎች ሽንፈቱን የተቀበሉ ወገኖቻቸውን ይገድሉ ጀመር። በ1946 እና በ1947 ቢያንስ 23 ሰዎች ተገደሉ።

በ2024 የብራዚል የምሕረት ኮሚሽን በማኅበረሰቡ ላይ ለተፈጸመው የመንግሥት በደል ይቅርታ ጠይቋል። ገዳዮቹ በእርግጥ ጥፋተኞች ናቸው። ጋዜጣቸውን የዘጋውስ ከደሙ ንጹሕ ነውን? እውነተኛ ወሬ የተነፈገ ሕዝብ ደስ የሚያሰኘውን ወሬ ያምናል።