የመግቢያ ምንጣፍ ለድሬዳዋ ቤት፦ ከውበቱ በፊት አቧራውና እርጥበቱ

በድሬዳዋ ከደጅ ወደ ቤት የሚገባ ሰው የመንገዱን አቧራና የአሸዋውን ቅንጣት፣ በዝናብ ጊዜም ጭቃውን በጫማው ይዞ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ስፍራ ስትሆን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዝናቡ በአብዛኛው በበልግና በክረምት ተከፍሎ ስለሚወርድ፣ ደጃፎቿ የዓመቱን ብዙ ክፍል ደረቅ አቧራ፣ ጥቂቱን ክፍል ደግሞ ድንገተኛ ጭቃ ያስተናግዳሉ። ስለዚህ ለቤት መግቢያ ምንጣፍ ሲመረጥ «ያምራል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «አቧራ ይይዛል ወይ? ቶሎ ይደርቃል ወይ?» የሚለው ሊነሣ ይገባል።

ይህ ጥያቄ ሲዘነጋ የሚደርሰው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የገንዘብ ነው። በወፍራም ስጋጃ ሥር የገባ አሸዋ በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን እየፈተገ ይቆርጠዋል፤ ለሳሎን ቢሆን ለዓመታት የሚያገለግለው ስጋጃም በደጃፍ ላይ በአጭር ጊዜ ይሳሳል። ሁለተኛው የጤና ነው። አቧራ ያጠራቀመ ወይም እርጥበት ይዞ የሻገተ ምንጣፍ አስም ላለበት ሰው ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። ሦስተኛው መውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ለሞት በሚያበቃ አወዳደቅ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ነው። ጠርዙ የተጠቀለለ ወይም በሊሾ ላይ የሚንሸራተት ምንጣፍ በቤት ውስጥ አረጋውያንን ከሚጥሉ ነገሮች አንዱ ነው።

የአካባቢው ልማድ የሚያስተምረው

ንጹሑን ስፍራ ከደጁ አቧራ መለየት ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል አዲስ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረር፣ ባህላዊው የሐረሪ ቤት ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉት። ሰው የሚቀመጥባቸው ምንጣፎች የሚነጠፉት በእነዚህ መደቦች ላይ ሲሆን፣ ጫማ ከታች ይቀራል። ከበሩ በላይ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ምንጣፎችም ለትዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ምልክት ናቸው ተብሎ ይነገራል። በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ደግሞ ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ሰሌን ለቤት መሸፈኛም ለመኝታም ያገለግላል፤ ቀላል፣ የሚራገፍና ፈጥኖ የሚደርቅ በመሆኑ ለቆላ አየር ተስማሚ ነው። በበዓል ቀን በደጃፍና በወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማም ቤቱን ከማስዋብና ከማሽተት አልፎ አቧራውን ይዞ ያስቀራል፤ ሲደርቅም ተጠርጎ ይወጣል።

የቤቱ ዓይነት ምርጫውን ይወስናል

በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ መድረሱን ተከትሎ በተመሠረተው የከዚራ ሰፈር ብዙዎቹ ነባር ቤቶች በረንዳ አላቸው። በረንዳ ያለው ቤት ሁለት ምንጣፍ ለመጠቀም ይመቻል፦ ሻካራው ከበሩ ውጭ በበረንዳው ላይ፣ እርጥበት የሚመጠው ለስላሳው ደግሞ ከበሩ ውስጥ ይሆናል። በመጋላ ግን የብዙ ቤቶች በር በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ስለሚከፈት ውጭ የሚነጠፍ ነገር የመንገደኛ መሰናክል ይሆናል። በእንዲህ ያለው ቤት አንድ ረዘም ያለ፣ ሻካራ ገጽና ከባድ ጎማ ያለው ምንጣፍ ከበሩ ውስጥ ቢነጠፍ ይሻላል። በኮንዶሚኒየም መኖሪያዎች ደረጃውና መተላለፊያው የጋራ በመሆናቸው፣ የውጭው ምንጣፍ ቀጭንና የጎረቤትን መንገድ የማይዘጋ ሊሆን ይገባል።

በከተማዋ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖር አርሶ አደር ደግሞ ከምንጣፉ በፊት የሚያስፈልገው የጭቃ መፋቂያ ነው። ከደጃፉ አጠገብ በሁለት ድንጋዮች መካከል የተተከለ ጠፍጣፋ ብረት ከጫማ ሥር ጭቃና የከብት እበት ያስለቅቃል። ፀረ ተባይ የተረጨበት ማሳ ውስጥ የዋለ ጫማ ግን በየትኛውም ምንጣፍ ቢጠረግ አይነጻም፤ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ከቤት ውጭ መቀመጥ አለበት።

ምን ዓይነት ምንጣፍ?

ከቃጫ ወይም ከኮኮነት ቅርፊት ክር የተሠራ ምንጣፍ ሻካራ በመሆኑ አሸዋንና ደረቅ አቧራን ከጫማ ላይ ይፍቃል። ነገር ግን ውኃ ሲጠጣ ለመድረቅ ስለሚዘገይና ስለሚሻግት፣ ጣሪያ ወዳለው ደጃፍ እንጂ ዝናብ ወደሚመታው ስፍራ አይሆንም። ቀዳዳ ያለው የጎማ ምንጣፍ ውኃና ጭቃን ስለሚያሳልፍ ለዝናብ ወቅት ይመረጣል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ለውስጠኛው ክፍል አጭር ጸጉር ያለው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ዋጋውም እጥበቱም ቀላል ነው። የጥጥ ምንጣፍ እርጥበትን በደንብ ይመጣል፤ ቀላል በመሆኑ ግን ከሥሩ የማያንሸራትት መረብ ጎማ ያስፈልገዋል። የሱፍ ስጋጃና አጎዛ ሙቀት ለሚፈልግ ደጋ ቤት የተገቡ ናቸው፤ በድሬዳዋ ቦታቸው ከደጃፍ ይልቅ ሳሎን ወይም መጅሊስ ነው። መስገጃም ለጸሎት የተለየ በመሆኑ ለእግር መጥረጊያ አይውልም። የመስጊድ፣ የመስቀል ወይም የቅዱስ ጽሑፍ ምስል ያለበት ምንጣፍም ከሚረገጥበት ስፍራ ቢርቅ የእንግዳን ስሜት ይጠብቃል።

መጠንና አቀማመጥ

ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ሦስት ነገሮችን መለካት ያስፈልጋል፦ የበሩን ስፋት፣ የመግቢያውን ርዝመት፣ በበሩ ሥርና በወለሉ መካከል ያለውን ክፍተት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከክፍተቱ የወፈረ ምንጣፍ በሩን ይይዛል ወይም በሩ በተከፈተ ቁጥር እየታጠፈ ያደናቅፋል። የውጭው ምንጣፍ ስፋት ከበሩ ስፋት ከሦስት አራተኛ ባያንስ መልካም ነው፤ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው በር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ማለት ነው። የውስጡ ምንጣፍ ቢያንስ ሁለቱም እግሮች አንድ አንድ ጊዜ እንዲያርፉበት የሚበቃ ርዝመት ይኑረው። ጠባብ ኮሪደር ሲሆን በምንጣፉና በግራ ቀኙ ግድግዳ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ወለል ቢተው፣ ስፍራው ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ለመጥረግም ይመቻል።

ቀለምና ማስዋቢያ

የድሬዳዋ አቧራ ፈዛዛ በመሆኑ ጥቁር ምንጣፍ አቧራውን አጉልቶ ያሳያል፤ ነጩ ደግሞ ጭቃና ዘይት አይሸሽግም። መካከለኛ ቀለም ያለው፣ እንደ ቡና፣ የጡብ ቀይ ወይም ወይራ አረንጓዴ ያለ፣ ጥቃቅን ጥለት የተጣለበት ምንጣፍ በሁለት ጠረጋ መካከል ንጹሕ መስሎ ይቆያል። በግድግዳው ላይ የሐረሪ ስፌት የተሰቀለ እንደሆነ፣ ከስፌቱ ቀለሞች አንዱን በምንጣፉ መድገም መግቢያውን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የጫማ መደርደሪያና ጫማ ለሚያወልቅ አዛውንት የሚሆን ዱካ ብቻ ነው።

አጠባበቅ

ምንጣፍ በየዕለቱ ከቤት ውጭ ይራገፍ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ሥሩ ይጠረግ። ሳይነሣ የከረመ ወይም ተጠቅልሎ የቆየ ምንጣፍ በተለይ በገጠር ለጊንጥ መሸሸጊያ ስለሚሆን፣ ሲነሣ በባዶ እጅ ከሥሩ መያዝ አይገባም።

የከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ካልሲየም የበዛበት ጠንካራ ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ሳሙና አረፋው ያንሳል፤ ነጭ ዝቃጩም በክሩ ላይ ተጣብቆ ምንጣፉን ያደርቀዋል። ከደረቅ ሳሙና ይልቅ ጥቂት የዱቄት ሳሙና መጠቀምና በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ላይ ትንሽ አቼቶ መጨመር ዝቃጩን ይቀንሳል። አቼቶና በረኪና ግን ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥሩ በፍጹም አንድ ላይ አይጨመሩም። የታጠበው ምንጣፍ ጀርባው ጭምር ሳይደርቅ ወደ ቦታው አይመለስ።

የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉን የከተማዋ ነዋሪ አይዘነጋውም። ጎርፍ ወደ ቤት ሲገባ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ጭምር ይዞ ይመጣልና፣ የነካው ወፍራም ስጋጃ ወይም ስፖንጅ ያለበት ምንጣፍ ቢወገድ ይሻላል። ጎማና ፕላስቲክ ግን በሳሙና ከታጠበ በኋላ በውኃ በተበረዘ በረኪና ተጠርጎ ሊተርፍ ይችላል።

በመጨረሻ፣ በቀፊራም ሆነ በሌላ ገበያ ምንጣፍ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ይፈትሽ፦ ጠርዙ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀመጣል ወይስ ይነሣል? ጀርባው በለስላሳ ወለል ላይ ሲገፋ ይንሸራተታል? ሲታጠፍ ጎማው ይሰነጠቃል? በእጅ ሲታሽ ክሩ ይነቀላል? እነዚህን ያለፈ ምንጣፍ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ለደጃፍ ይበቃል፤ ከተረፈው ገንዘብ የማያንሸራትተውን መረብ ጎማ መግዛት ይቻላል።